የአላስካው ሽርሽር

ወንድሜን ከቀበርን ሁለት ወሩ ነው። ትናንት ወደ ኦክላንድ በሚሄደው ባቡር ከፊቴ አንዲት እናትና ልጃቸው ያወሩ ነበር።

«እማዬ፣ የምናድረው ፌርባንክስ ነው። አንድ ቀን አርክቲክ ሰርክል ደርሰን እንመለሳለን፣ በማግስቱ አጋዘን እናያለን።»

«ማን ማን ነው የሚሄደው?»

«ሁላችንም። እህቶቼም ከሥራ ኦፍ ጠይቀዋል።»

«ለፋሲካ ኦፍ ያጡ ልጆች ለበረዶ አገኙ?»

«ሰርፕራይዝ ልናደርግሽ ነው።»

«የነፍስ አባቴም ይመጣሉ?»

«ኧረ እማዬ፣ ምን ሊያደርጉ?»

«አዲስ አበባ ያለችው እህቴ ስልክ ካነሳች ሳምንቷ ነው። መርዶ ከሆነ እዚሁ ቤቴ አርዱኝ፤ ሰው በሌለበት በረዶ ላይ ወስዳችሁ አታስለቅሱኝ።»

«ማንም አልሞተም። የጃኬት ሳይዝሽን ብቻ ንገሪኝ።»

«ዓይኔን እያየህ ንገረኝ።»

እኔ የልጁን ፊት ላለማየት ወደ መስኮቱ ዞርኩ።