ጥሪ የቆመበት አጥር

ከአየር ጤና ወደ ሰበታ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ጎረቤትህን የሚመርጥልህ ረዳቱ ነው። ሀብተወልድ ያን ዕለት ከቢሮ ሲመለስ ረዳቱ «ጠጋ በሉ! አባትን አስቀምጡ!» ብሎ አንድ ጥቁር ካፖርት የለበሱ ሽማግሌ ከጎኑ ሻጣቸው። ሀብተወልድ ቀና ብሎ አየና እግሩን ሰበሰበ። በሰበታ ምድር ፊት ለፊት ሊገጥመው የማይፈልገው ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ጭኑን ታክኮ ተቀመጠ።

ኦቦ ጎበና ከሀብተወልድ ቤት በላይ፣ ወደ ወጨጫ ተራራ ጥግ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ልጃቸው ሄመን ከሀብተወልድ ቤት በታች፣ ወንዙ ዳር ትኖር ነበር። ጎርፍ ከወሰዳት አርባዋ አልወጣም።

ስለ ሀብተወልድ ደግሞ ይህን ያህል ማወቅ ይበቃል፦ ኢንሹራንስ ቤት ነው የሚሠራው። ያልደረሰ አደጋ መገመት እንጀራው ነው። ቤቱን ሲሠራም ሌባ ገምቶ የግንብ አጥሩን አስረዘመ፤ እሳት ገምቶ ማጥፊያ ገዛ፤ ሁለቱንም አላምን ብሎ ውሻ አሰረ። ጎርፍ ግን አልገመተም። ምን አስገመተው? የእሱ ቤት ከወንዙ ከፍ ያለ ነው።

«አካም ጂርታ፣ ልጄ?» አሉት ሽማግሌው። ድምፃቸው ዘይት እንዳልነካው የበር ማጠፊያ ይጮሃል።

«እግዜር ይመስገን፣ ኦቦ። እግዜር ያጥናዎ። ድምፅዎ ምን ሆነ?»

«ሐኪም ዘንድ ነበርኩ። ጉሮሮህ ቆስሏል፣ ከእንግዲህ እንዳትጮህ አለኝ። እንግዲያው ሰው መፈለጌ ነው አልኩት። ምን የሚያደርግ ቢለኝ፣ የሚጮህልኝ።»

«ሐኪሙ ምን አለ?»

«ዕድሜዬን ጠየቀኝ።»

ዓለም ገና ላይ መንገዱ ተዘጋ። ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋ። ሀብተወልድ በመስኮት ሊወጣ አይችልም። ብዙ ሌሊት አልጋው ላይ የተገላበጠበትን ነገር አወጣው።

«ኦቦ ጎበና፣ አንድ ነገር ልናገር፤ አይቀየሙኝ። ያን የጎርፍ ዕለት የጮሁት ጥሪ ምን እንደሆነ እኔ አላውቅም ነበር። ለቀብር ስመጣ ነው የሰማሁት።»

«አሁንስ ገባህ?»

«በግማሽ።»

«ሙሉውን ልንገርህ» አሉ ሽማግሌው። «ወንዛችን ተንኮለኛ ነው። ታች ፀሐይ ነው፣ ሴቶቹ ልብስ ያጥባሉ፤ ላይ ወጨጫ ላይ ግን ይጥላል። ውሃው መንገድ ጀምሯል፤ ታች ያለው ሰው አያውቅም። ስለዚህ አባቶቻችን ‹የራስህን ሰማይ አይተህ ወንዝ አትውረድ› ይሉ ነበር። ተራራው ሲጠቁር የላይኛው ቤት ይጣራል፤ ዛሬ እዚያ የሚኖረው ሌንጮ ነው። የሌንጮን እኔ እቀበላለሁ፤ የእኔን ደግሞ በአንተ ቦታ የነበረው ሰው ይቀበል ነበር። እንዲህ እያለ ወንዙ ዳር ይደርሳል። ከመጨረሻው ቤት መልስ ይመጣል። መልስ ያጣ ሰው ቁጭ አይልም፤ በእግሩ ይወርዳል።»

በእግራቸው ወርደው ነበር። ሀብተወልድ ይህን ያውቃል። ቅዳሜ ከሰዓት ኳስ እያየ ሳለ ከላይ ረዥም «ኡ…ኡ!» ሲሰማ፣ «ከሠርግ ቤት የወጣ ሰካራም ነው» ብሎ መስኮቱን ዘጋ። ቆይቶ የብረት በሩ ተደበደበ። ባለቤቱ ጣቢታ «ሰው እኮ ነው፤ ልክፈትለት» ብላ ተነስታ ነበር። «ተዪው፣ ሲደክመው ይሄዳል» አላት። ኦቦ ጎበና ግን አልደከማቸውም። በሰው ጓሮ በኩል ወደ ወንዙ የሚወርደው የድሮ መንገድ በሀብተወልድ ግንብ ተዘግቶ ስላገኙት፣ አጥሩን ዞረው ሮጡ። ውሃው ግን አጥር አልዞረም።

«ማን ነገረኝ ታዲያ?» አለ ሀብተወልድ፤ ድምፁ ሳይፈልገው ከረር አለ። «ቤቴን ሳስመርቅ የሰፈሩ ሽማግሌ አንድ አልቀረም። እርስዎም ነበሩ። በግ በልታችሁ፣ ጠላ ጠጥታችሁ፣ ‹ቤትህ የልጅ ቤት፣ የእህል ቤት ይሁን› ብላችሁ መረቃችሁኝ። ስለ ጥሪው አንድ ሰው አንድ ቃል ተነፈሰ?»

ኦቦ ጎበና ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ሀብተወልድ ይጮሁብኛል ብሎ ጠበቀ፤ ለካ የሚጮሁበት ጉሮሮ የላቸውም።

«እውነት ነው» አሉ። «አንድ ሰው ሊነግርህ ተነስቶ ነበር። ካፖርቱን ይዤ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። በአዲስ ቤት ላይ ጎርፍ ማንሳት ሟርት ነው፣ ሌላ ቀን ይነገረዋል አልኩ። ሌላ ቀን መቼ ይመጣል? አባቶቻችን የነገሩንን እኛ በይሉኝታ ዋጥነው። ከሥጋህ ጋር።»

ሰው በክርክር ሲረታ ደስ ይለዋል ይባላል። ሀብተወልድ ረታ፤ ደስታው ግን ከመንገዱ መዘጋት ጋር እዚያው ቆሞ ቀረ። ቢሆንም የተማረ ሰው አንድ ነጥብ ይዞ አይወርድም።

«እሺ፣ ያለፈው አለፈ። ለወደፊቱ ግን ዘመኑ የስልክ ነው፣ ኦቦ። የሰፈር ቴሌግራም ግሩፕ አለን። ሌንጮ እዚያ ላይ ይጻፋ።»

«በግሩፑ ምን ይባላል?»

«ያው… መብራት ጠፋ፣ መብራት መጣ፣ እንኳን አደረሳችሁ…»

«ሌንጮ ያን ዕለት ለሄመን ደውሏል። ስልኳን ቻርጅ ላይ አድርጋ ነው የወረደችው። ልብስ የምታጥብ ሴት ስልኳን የት ታድርገው? አሸዋ ላይ? ጆሮዋን ግን ቤት ትታው አልወረደችም።»

ከፊት ወንበር አንዲት ሴት ዞር ብላ አየቻቸውና መልሳ ዞረች። ሀብተወልድ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ተራራው በጠቆረ ቁጥር መጮህም ሰውን ያሰለቻል። ተጮኾ ውሃው ያልመጣበት ቀን የለም?»

«ሞልቷል! የማይመጣበት ይበዛል። አንተ መሥሪያ ቤት፣ ቤቱ ሳይቃጠል ዓመት የሞላው ሰው መጥቶ ‹የከፈልኩትን መልሱልኝ› ይላል?»

«ኧረ ብዙው ይላል።»

«ትመልሱለታላችሁ?»

«አንመልስም።»

«እንግዲህ» አሉ ኦቦ ጎበና። ከዚያ በጣታቸው ወደ በሩ አመለከቱ። ረዳቱ መኪናው ቆሞም አንገቱን አውጥቶ «ሰበታ! ሰበታ!» ይላል። «ይህ ሰው ሲጠራን አየር ጤና ላይ ሁላችንም ተጋፍተን ሮጥን። ሰክሮ ይሆን ብሎ የቆመ አለ? መሄጃ እንዳያመልጠን የሰው ጩኸት እናምናለን፤ ነፍስ እንዳታመልጥ ሲሆን መስኮት እንዘጋለን።»

«ምን ላድርግ?» አለ ሀብተወልድ።

«ከአጥርህ አንድ ሰው የሚያሳልፍ በር ክፈት፣ ከላይም ከታችም። ሁለተኛው የምፈልገው ጉሮሮህ ነው።»

«እኔ? ኦቦ፣ እኔ በሕይወቴ ጮሄ አላውቅም።»

ሽማግሌው ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ዓይኑን አዩት። በፊታቸው ላይ ቁጣ የለም፤ ቁጣ ቢኖር ለሀብተወልድ ይቀለው ነበር።

«ጎል ሲገባ ትጮሃለህ፤ እኔ ቤት ድረስ ይሰማል። ያን ዕለትም ሰምቼሃለሁ። ቤት መኖርህን ያወቅሁት፣ በርህ ላይ ያን ያህል የቆየሁት በእሱ ነው። አንድ ጉሮሮ ካለማ፣ ይከፍትልኛል ብዬ።»

መኪናው ተንቀሳቀሰ። ሰበታ ደረሱ። ሲወርዱ ሀብተወልድ የሽማግሌውን ክንድ ያዘና መንገዱን አሻገራቸው፤ ከዚያም አልለቀቀም፣ ሽቅቡን እስከ ቤታቸው ሄደ።

በሳምንቱ ግንበኛ መጥቶ ግንቡን በሁለት በኩል ሰበረው። ግንበኛው «ደህናውን አጥር!» እያለ አዘነለት። ጣቢታ ግን በሮቹ ቁልፍ አይደረግላቸው አለች፤ ቃሏንም ሁለተኛ መናገር አላስፈለጋትም።

ነሐሴ ላይ፣ ታች ፀሐይ ወጥቶ ሳለ ወጨጫ ጠቆረ። ሌንጮ ተጣራ። ኦቦ ጎበና ለሌንጮ በትራቸውን አውለብልበው፣ በአዲሱ በር ገብተው ከሀብተወልድ ጎን ቆሙ። «ተራህ ነው» አሉት።

ሀብተወልድ በነጠላ ጫማ የግንቡ ስባሪ ድንጋይ ላይ ወጣና «ኡ…» አለ። የመጀመሪያው ሳል ሆኖ ቀረ። ውሻው እንኳ ከሱ ይሻል ነበር። ኦቦ ጎበና «ጎል ነው» አሉት። ሁለተኛው ወጣ፤ ሦስተኛው ሸለቆውን ይዞ ወረደ።

ከታች የሰማችው ፈቲያ ናት፤ የሄመን ባል ቤቱን ሲለቅ የተከራየችው። ስለ ጥሪው ሀብተወልድ ራሱ ወርዶ ነግሯት ነበር፣ ቤት በገባች ዕለት። የታጠበውን አንስታ፣ ያልታጠበውን ጥላ፣ ዳገቱን ይዛ መልስ ሰጠች። ብዙም ሳይቆይ ውሃው ቡናማ ሆኖ፣ ግንድ ተሸክሞ፣ ወንዙን ሞልቶ መጣ። የፈቲያን ሳፋ ወሰደ። ሌላ የሚወስደው አላገኘም።

ከዚያ ወዲህ በዚያ ሰፈር አዲስ ቤት ሲመረቅ፣ ሥጋው ከመቆረሱ በፊት ባለቤቱ ወደ ውጭ ይጠራል። ተራራው ይታያል፤ ከማን ተቀብሎ ለማን እንደሚያቀብል ይነገረዋል፤ አንዴም ይጮህ ዘንድ ይደረጋል። ሟርት ነው የሚል ጠፋ። ምርቃቱም አልቀነሰም፤ እንዲያውም «ድምፅህ አይጥፋ» የሚል ተጨመረበት። ስልክም አለ፣ ግሩፑም አለ፤ ጉሮሮ ግን ቻርጅ አይፈልግም። የአባቶች ማስጠንቀቂያ ጥቅሙ ይህ ነው፦ ከፍ ያለ ቦታ ያለው ሰው ያየውን፣ ዝቅ ያለ ቦታ ያለው ሰው ሳይረፍድ ይሰማል። የሚያቋርጠው ጎርፍ ሳይሆን መሐል ላይ መስኮቱን የሚዘጋ ሰው ነው።

ያን ዕለት የፈቲያ መልስ ሲሰማ ሀብተወልድ ከድንጋዩ ወረደ። ኦቦ ጎበና ግን አልተንቀሳቀሱም። ለብዙ ዓመት ያ የመጨረሻው መልስ የሄመን ነበር።

«ቀጭን ናት ድምፅዋ» አሉ፣ «ግን ይደርሳል።»

«ይግቡ፣ ኦቦ። እንዳይበርድዎ፤ ይቀመጡ።»

«እገባለሁ፣ ልጄ። ቆይ» አሉና ጆሯቸውን ወደ ወንዙ አቀኑ። መልሱ መጥቷል፤ ሰው ሁሉ ወጥቷል። ሀብተወልድ ይህን ያውቃል፤ ቢሆንም በሩን ክፍት አድርጎ፣ አብሯቸው ቆመ።