ቁጣ በየትኛው ቋንቋ?

ከቀበና ወደ ፈረንሳይ ሰፈር በሚወጣው ታክሲ ከፊቴ የተቀመጠችው ወጣት፣ በመንገዳችን ባለ ትምህርት ቤት በአማርኛና በኦሮምኛ ለማስተማር ኢንተርቪው እንዳለባት አጠገቧ ላሉት እናት ነገረቻቸው።

«እስቲ እኔ ልጠይቅሽ፤ ፈታኝ ነኝ በዪ።»

«እሺ እማማ፣ ግን እንዳይጥሉኝ!»

«ልጆቹ ቢረብሹ በየትኛው ትቆጪያለሽ?»

«በኦሮምኛ ነዋ! እናቴ እኔን የምትቆጣኝ በሱ ነው፤ ያስፈራል።»

«ወደቅሽ።»

«ኧረ እማማ! ገና አንድ ጥያቄ እኮ ነው!»

«እኛ ቤት ጨዋታው በኦሮምኛ፣ ቁጣው በአማርኛ ነበር። ትምህርት ቤት የገባሁ ቀን መምህሩ በአማርኛ ‹እንደምን አደራችሁ› ቢሉን፣ ምን አጠፋሁ ብዬ አለቀስኩ።»

ታክሲው በሙሉ ሳቀ።

«ታዲያ ምን ብዬ ልመልስላቸው?»

«የምትፈተኚው አንቺ ነሽ፤ አስቢበት እንጂ።»

«በሁለቱም እቆጣለሁ፤ በሁለቱም አስቃለሁ።»

«መቆጣቱንስ ማንም ይቆጣል። እስቲ በኦሮምኛ አስቂኝ።»

ልጅቷ ጠጋ ብላ በኦሮምኛ አንድ ነገር ነገረቻቸው። እማማ በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

«በይ አልፈሻል! ወራጅ በዪ፤ ትምህርት ቤቱ ደረሰ።»

«ይጸልዩልኝ እማማ!»

ለኦሮምኛ እንግዳ ነኝና ቀልዱ ባይገባኝም፣ የትምህርት ቤቱን በር አልፋ እስክትገባ በመስኮት እያየኋት በልቤ ለመልአኩ ራጉኤል አደራ ሰጠኋት።