ያልተሸጠ ቤት ፍለጋ

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ እንደገባሁ አንድ ሱዳናዊ ሽማግሌ፣ ሐጂ እንላቸዋለን፣ ከመንግሥት በተከራዩት ቤት ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል በርካሽ አከራይተውኝ ነበር። መንግሥት ቤቶቹን ለተከራዮቹ ሲሸጥ ሐጂም ገዙ። በግ አረዱ፤ እኔም «መብሩክ፣ እንኳን ደስ ያለዎት» ብዬ በላሁ፣ በራቸውንም ቀለም ቀባሁላቸው። በማግስቱ መጥተው ኪራዬን እጥፍ አደረጉት።

«ምነው ሐጂ፣ ምን አጠፋሁ?»

«ምንም አላጠፋህም ወለዲ፣ ልጄ። በሰው ንብረት ብዙ ማስከፈል ነውር ነው ብዬ ነበር። አሁን ግን ቤቱ የራሴ ነው።»

ሌላ ርካሽ ክፍል ፍለጋ ወጣሁ። ሰፈሩን ብዞር ሁሉም ገዝቷል፣ ሁሉም ጨምሯል። ጨንቆኝ ቤቶቹን ወደ ሸጠው መሥሪያ ቤት ሄድኩና ጸሐፊውን፣ «ያልተሸጠ ቤት ካለ ንገረኝ፤ ተከራዩን አንዲት ክፍል እለምነዋለሁ» አልኩት። መዝገቡን እስከ መጨረሻው አገላበጠና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ወላሂ አንድም የለም። እኔም አከራዬ ጨምሮብኝ ልወጣ ነው። ርካሽ ካገኘህ አትርሳኝ።»

ሳቄ መጣ። ይዤው ወደ ሐጂ ሄድኩ። ይኸው ኪራዩን ለሁለት ተካፍለን፣ ቤት ሲሸጥ ከከረመው ጸሐፊ ጋር በአንድ ክፍል እንኖራለን። እንደሚያንኮራፋ ግን አልነገረኝም ነበር።