ከሞጣ የመጣው ካርቶን

በእኛ ጊዜ፣ ሲስተር ሀያት፣ አሁን እንዳትስቂብኝ፣ ፊልም ለማየት መታወቂያ ማስያዝ ነበረብሽ። አዎ መታወቂያ! ይኸው ሳቀች። ታዲያ ምን ላድርግ ልጄ፣ ሲዲዬን ይዞ ቢጠፋስ? እዚችው አንቺ የተከራየሻት ክፍል ነበረች ሱቄ፣ ቢቸና ውስጥ ይሁኔ ባለ ሲዲውን የማያውቅ አልነበረም። ገበሬው በገበያ ቀን እህሉን ሸጦ ይመጣል፣ አስተማሪው ይመጣል፣ እንዳንቺ ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣው የጤና ጣቢያ ሠራተኛ ይመጣል፣ ዛሬ ይወስዳል፣ ነገ ይመልሳል። እና መመለስ ስላለበት አንዱን ሰው ሁለት ጊዜ ታዪዋለሽ። ሲመልስ ደግሞ ዝም ብሎ አይመልስም፣ "ኧረ ጋሼ፣ ያ ሰውዬ ሚስቱን ለምን ገደላት?" ይልሻል፣ "እኔ ምን አውቄ፣ እኔ ነኝ የገደልኳት?" ትይዋለሽ፣ በዚያው ጨዋታ ተይዞ ይውላል። አሁን አንቺ በስልክሽ ታያለሽ፣ በግድግዳው በኩል ስትስቂ እሰማለሁ። በምን እንደሳቅሽ ግን አላውቅም፣ መጥቼ እንዳልጠይቅሽ ነውር ነው።

እሺ፣ ወደ ካርቶኑ ልምጣልሽ፣ "ጋሼ፣ ይሄን አሮጌ ካርቶን ለምን አይጥሉትም?" ብለሽ አይደል የጠየቅሽኝ?

ሞጣ ውስጥ አንዲት ሴት ነበረች፣ ወይዘሮ ጥሩወርቅ የምትባል፣ ባሏ ሲሞት የሲዲ ቤቱን ይዛ የቀረች። እንዴት ተዋወቃችሁ ትያለሽ፣ አልተዋወቅንም! የአውቶቡስ ረዳት ነው ያገናኘን። "ጋሽ ይሁኔ፣ ሞጣ ያሉት ሴትዮ ያላቸውን ፊልም ሰው አይቶ ጨርሶባቸዋል፣ የእርስዎም አልቋል፣ ለምን አትለዋወጡም?" አለኝ። ታዲያ እኔም በሳሙና ካርቶን ሠላሳ ያህል ሲዲ ሞልቼ፣ በሲባጎ አስሬ ሰደድኩላት። በሳምንቱ ቅዳሜ ያው ካርቶን ሌላ ሲዲ ይዞ መጣ፣ ከላዩ ላይ ወረቀት አለበት። "አቶ ይሁኔ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ። መስመር ያሰመርኩበት መሃል ላይ ይቆማል፣ በጥርስ ሳሙና ቢያሹት ይሻለዋል። ከሥሩ ባለው ላይ ልጅቷ ትሞታለች፣ ለነፍሰ ጡር እንዳያከራዩ።" (ጋሽ ይሁኔ ይስቃሉ) እኔም ጻፍኩላት፣ "ለነፍሰ ጡሯ ከልክዬ ለባሏ ሰጠሁት፣ ዓይኑ አብጦ መለሰልኝ።" እሷ ደግሞ በቀጣዩ ቅዳሜ፣ "ወንድ ልጅ አንዳንዴ ማልቀሱ ደግ ነው" ትላለች። የጌም ሲዲም ትልክ ነበር፣ "ኳሱ ጎሉ አፍ ሲደርስ ቀጥ ይላል፣ የሞጣ ልጆች ተማርረዋል፣ የቢቸና ልጆች ታጋሽ ከሆኑ ይሞክሩት።" ታጋሽ! የቢቸና ልጅ! ቤቴን ሊያፈርሱት ነበር እኮ።

እና እንዲህ ስንል ስንት ዓመት ሄደ። ሴትዮዋን አይቻት አላውቅም፣ ድምጿን ሰምቼ አላውቅም። ባለቤቴ ደስታ የሞተች ጊዜ ሁለት መስመር ብቻ ጻፍኩላት። እና በዚያ ሳምንት የመጣው ካርቶን ውስጥ፣ ሲስተር፣ አንድም ሰው የሚሞትበት ፊልም አልነበረም። አንድም! አንድ በአንድ መርጣ አውጥታ ነው። ወረቀቱ ላይ "እግዜር ያጥናዎ" ብቻ ነው ያለው።

ታዲያ ይሄ ስልካችሁ መጣ። መጀመሪያ ልጆቹ ቀሩ፣ "ጋሼ፣ በስልኬ አለ።" ቀጥሎ አስተማሪው ቀረ፣ "ጋሼ፣ ጭኜዋለሁ።" ኋላ ገበሬው ራሱ፣ "ልጄ በስልኩ ያሳየኛል" አለኝ። አዲስ ፊልም በሲዲ መውጣቱም ቀረ። እና የመጨረሻው ካርቶን ከሞጣ መጣ፣ "አቶ ይሁኔ፣ እዚህ የሚከራይ ጠፍቷል፣ እዚያስ? ሲያዩት ይመልሱልኝ" ይላል። እንግዲህ የጎረቤት ሰሃን ባዶውን አይመለስም፣ አይደል? እናንተም ጋ እንደዚያ ነው አይደል? እኔም እሷ ያላየችው አንድ ሲዲ እንኳ ሳልጨምርበት፣ የራሷን ዕቃ መልሼ ልላክላት? አፈርኩ። አንድ አዲስ ፊልም ላግኝና እልካለሁ አልኩ። ደብረ ወርቅ ጠየቅሁ፣ የለም። ግንደወይን አስጠየቅሁ፣ የለም። ዛሬ ነገ ስል ሱቁን ዘጋሁት፣ ሰሌዳዬን አወረድኩ፣ ካርቶኑ አልጋዬ ሥር አራት ዓመት ተቀመጠ። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ጎትቼ አወጣውና መልሼ እገፋዋለሁ። አስበሽዋል? ስለ አንድ አዲስ ሲዲ!

እና ያኔ ኢንተርኔቱ የጠፋ ጊዜ፣ አንቺ ገና አልመጣሽም፣ ልጆቹ በሬን ማንኳኳት ጀመሩ። "ጋሼ፣ ሲዲ አለዎት?" እኔ! ከአራት ዓመት በኋላ! ደስ አለኝ ልበልሽ፣ ልዋሽሽ አልችልም፣ ደስ አለኝ። ግን ወዲያው ጥሩወርቅ ትዝ አለችኝ። እሷም ጋ እኮ እያንኳኩ ነው፣ ሲዲዋ ደግሞ እኔ አልጋ ሥር ነው! ምን ልጨምርበት ብዬ ቤቱን ሳገላብጥ የልጄን የሠርግ ሲዲ አገኘሁ። እሱን አላየችውም። ደስታ በሕይወቷ አለችበት፣ ስትጨፍር፣ እኔን ጎትታ ስታስነሳኝ። ሌላ ቅጂ የለኝም። ጨመርኩት፣ ካርቶኑን በሲባጎ አስሬ፣ ለረዳት አልሰጥም ብዬ፣ ጭኔ ላይ ይዤው ሞጣ ሄድኩ።

ሱቁ የሴቶች ጸጉር ቤት ሆኗል። እዚያ የምትሠራው ልጅ የደንበኛዋን ጸጉር እንደያዘች፣ "እማማ ጥሩዬን ነው? ልጃቸው ባሕር ዳር ወስዳቸዋለች፣ ዓመት ሆናቸው" አለችኝ። "አባባ፣ ከቢቸና ነዎት? ቅዳሜ ቅዳሜ መናኸሪያ ወርደው ‘ከቢቸና የመጣ ዕቃ አለ?’ ይሉ ነበር" አለችኝ። ወንበር ሰጠችኝ። እሷው ደውላ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አደረገችልኝ።

"ማን ልበል?" ድምጿ ቀጭን ነው፣ እኔ ወፍራም አድርጌ ነበር የማስበው።

"ይሁኔ ነኝ፣ የቢቸናው።"



"አልሞቱም?"

"ኧረ አልሞትኩም።"

"ሁለት ጊዜ ረዳቱን ልኬ ባስጠይቅ፣ ‘ቤቱ ተዘግቷል፣ ሰሌዳውም የለም’ አለኝ እኮ! ነጠላዬን አዘቅዝቄልዎታለሁ! የክርስትና ስምዎን ስለማላውቅ፣ ለቄሱ ‘የቢቸናው ባለ ሲዲ’ ብዬ ነው በጸሎት ያስጠራሁዎት!" (ጋሽ ይሁኔ ይስቃሉ) "ምን ሆነው ነው የጠፉት?"

"አዲስ ፊልም አጥቼ። ባዶውን እንዳልመልስ ብዬ።"

"ይሁኔ!" አለችኝ፣ አቶውን ጥላ፣ "ፊልሙ ምን ያደርግልኝ ነበር? አንዲት መስመር ወረቀት ጠፍታ ነው?"

ሴቶቹ ሁሉ በመስታወት እያዩኝ አለቀስኩ። ከልጆቼ በቀር ለእኔ ነጠላ የሚያዘቀዝቅ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር፣ እሱንም ሳላውቀው በራሴ ሞኝነት አራት ዓመት ብቻዬን ቆዘምኩ። የሠርጉን ሲዲ ይዤልዎት መጥቻለሁ ስላት፣ "ልጄ ቤት ማጫወቻ የለም፣ አይላኩት። እዚህ በገመድ የሚገባ ኢንተርኔት አለ፣ ፊልሙ ከእሱ ነው የሚመጣው፣ ማን እንደላከው አይታወቅም" አለችኝ። እና ካርቶኔን ይዤ ተመለስኩ። "ወደ ስልክ ገልብጬ ልላክልዎት" ልትይኝ ነው፣ አውቅሻለሁ። ሠርጉስ ይሄዳል፣ ደግ ነው፣ ወረቀቱን ከላዩ ላይ የት አደርገዋለሁ?

አሁን እሑድ እሑድ ትደውላለች። "አሉ?" ትለኛለች። "አለሁ" እላታለሁ። "እርስዎስ?" ስላት "አለሁ" ትላለች። ከዚያ ሁለታችንም ዝም እንላለን፣ ስለ ፊልም እንጂ ስለ ሌላ ነገር ማውራት አልለመድንማ። ግን ቶሎ አንዘጋውም። ምነው ሲስተር፣ ወዴት ተነሳሽ? አስከፋሁሽ እንዴ?

"አይ ጋሼ፣ አላስከፉኝም። እናቴ ጋ ልደውል ብዬ ነው።"