የአቶ አስማማው ድረስና የበር መዝገባቸው ዜና ሕይወት

ሐዘናችንን ለመካፈል ከደምበጫም ከዚህ ከደብረ ማርቆስም የመጣችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ እግዚአብሔር ያክብርልን፤ ጥቂት ታገሡንና ሕይወታቸውን እናሰማችሁ።

አቶ አስማማው ከአባታቸው ከአቶ ድረስ አምደሚካኤልና ከእናታቸው ከወይዘሮ የብርጓል በ1940 ዓ.ም. ደምበጫ አካባቢ ተወልደው፣ ዳዊት ከደገሙ በኋላ ወደ ንግድ ገብተው፣ ወይዘሮ ሥራነሽን በተክሊል አግብተው፣ ደብረ ማርቆስ ላይ መጋዘን ከፍተው ቦሎቄ ወደ ውጭ አገር ሲልኩ ኖረዋል።

በ2005 ዓ.ም. ጭነታቸው በጉምሩክ ሳይፈተሽ የሚያልፍላቸው ታማኝ ነጋዴዎች ሲመረጡ፣ ከብዙ ማጣራት በኋላ እርሳቸውም የምስክር ወረቀቱን አገኙ። ደንቡ ግን ወደ መጋዘኑ ግቢ የሚገባና የሚወጣ ሁሉ ስሙን፣ ጉዳዩንና ሰዓቱን መዝግቦ እንዲፈርም ያዝዝ ነበርና፣ መኖሪያቸውም በዚያው ግቢ ስለነበረ፣ ወይዘሮ ሥራነሽ ከገበያ በተመለሱ ቁጥር «ጉዳይ» በሚለው ሥር «ኑሮ» እያሉ ሲፈርሙ ከረሙ።

የነፍስ አባታቸው ቄስ ወልደ ገብርኤል ግን በጥምቀት ማግሥት ጠበል ሊረጩ መጥተው ዘበኛው አንሙት መዝገቡን ቢዘረጋላቸው፣ «ምን ልሰርቅ ነው? ቦሎቄ?» ብለው ተቆጡ። አቶ አስማማው «አባቴ፣ አንድ ቀን ባላላ ወረቀቱን ይነጥቁኛል» ብለው ቢለምኗቸውም፣ «እንግዲያስ ወረቀቱ ያናዝዝህ!» ብለው ሄዱ፤ አራት ዓመትም ያን በር አልረገጡም።

ዘንድሮ አቶ አስማማው ታመው ሕመማቸው ሲጠና፣ ቄሱ አልፈርምም፣ ታማሚው ደንብ አላፈርስም ስላሉ፣ ሳይናዘዙ እንዳያርፉ ቤተሰቡ ተጨነቀ። በመጨረሻ አቶ አስማማው በአልጋቸው እንዳሉ ተሸክመው እንዲያወጧቸው አዘዙ፤ በሩ ላይ አስቁመው፣ ጉዳያቸውን «ንስሐ» ብለው፣ የወጡበትን ሰዓት ሞልተው ፈረሙ፤ ከአጥሩ ውጭም፣ ባጃጆች ሞተር አጥፍተው እየጠበቁ፣ ለቄስ ወልደ ገብርኤል ተናዝዘው፣ በተወለዱ በ69 ዓመታቸው ሚያዝያ 12 ቀን 2009 ዓ.ም. እዚያው አረፉ።

አስከሬናቸው ሲመለስ አንሙት በሰው ይመዝገብ ወይስ በዕቃ ብሎ ቢጠይቅ፣ ወይዘሮ ሥራነሽ «ዞር በል፣ ባሌ ነው!» ስላሉት፣ አቶ አስማማው በዚያ በር ሳይፈርሙ የገቡ ብቸኛው ሰው ለመሆን በቅተዋል። ቄስ ወልደ ገብርኤል ግን ከኋላ ደርሰው፣ ማንም ሳይጠይቃቸው ብዕሩን አንሥተው ፈረሙ፤ ጉዳያቸውም «ልጄን ልሸኝ» ይላል።

አቶ አስማማው ባለቤታቸውን፣ ልጆቻቸውን ዜማንና አማረን፣ አራት የልጅ ልጆችንና እስከ ሰኔ ሠላሳ የሚጸና የምስክር ወረቀት ትተው ሄደዋል። የቸርነት አምላክ ነፍሳቸውን ያለ ብዙ ማጣራት ተቀብሎ ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን፤ ለእኛም መጽናናቱን ይስጠን፤ አሜን።