ስድስት ዓመት የተፈታ ጫማ

ጋሽ ፍሬን ከዓይን ሐኪም ቤት ባለቤታቸውን በክንዳቸው ደግፈው ሲመለሱ፣ ከመድኃኒት ቤቱ ፊት ለፊት ካለው የእግረኛ ማቋረጫ ደረሱ። ረፋዱ ላይ ነው፤ ፀሐዩ ደስ ይላል። እንደ ልማዳቸው ደረታቸውን ነፋ አድርገው ወደ ግራ አየት አደረጉና፣ "ነይ፣ ነፃ ነው" ብለው እግራቸውን አነሡ። ባለቤታቸው ግን ከመንገዱ ጠርዝ ንቅንቅ አላሉም።

"ቆይ እስቲ፣ ጫማዬ ተፈታ መሰለኝ።"

"ደሞ ጀመረሽ! ስድስት ዓመት ሙሉ የሚፈታ ምን ዓይነት ጫማ ነው?" እያሉ ገና ሲነጫነጩ፣ አንድ ትልቅ አውቶቡስ በቀኛቸው መጥቶ የካፖርታቸውን ጫፍ እያራገበ አለፈ።

"ባለጌ! ጡሩምባ እንኳ አይነፋም!" ብለው በጀርባው ጮኹ።

"ጋሽ ፍሬን" እናታቸው ያወጡላቸው ስም አይደለም። በአገራቸው አርባ አንድ ዓመት የረጅም ርቀት አውቶቡስ ሲነዱ አንድም ተሳፋሪ አልተጫረባቸውም። ለምን እንደሆነ የጠየቃቸው ሁሉ "በየጠዋቱ ፍሬኔን ሳልፈትሽ አልነሣም" የሚል መልስ ስለሚያገኝ፣ ስሙ በዚያው ጸንቶ ቀረ። ጡረታ በወጡ ማግስት ለባለቤታቸው ጉልበት የሚስማማ ሞቃት አየር ፍለጋ ወደዚህ አገር መጡ። እንደ እሳቸው ከዚያው አገር የመጡ ጡረተኞች በከተማው ውስጥ መቶ ቢሞሉ ነው። በእነዚህ ሰዎች ዘንድ ስለ መኪናና ስለ መንገድ ጋሽ ፍሬን ያሉት ነገር አለቀለት፤ ይግባኝ የለውም።

አንድ ነገር ግን አለ። በአገራቸው መኪና የሚሄደው የመንገዱን ቀኝ ይዞ ነው፤ እዚህ ደግሞ ግራውን ይዞ። ስለዚህ እዚያ መንገድ የሚያቋርጥ ሰው አስቀድሞ ወደ ግራው ያያል፤ እዚህ ግን ቀድሞ የሚደርሰው መኪና በቀኝ ነው የሚመጣው። ጋሽ ፍሬን ይህን አያውቁም ማለት አይደለም። በመጡበት ቀን ከአውሮፕላን ማረፊያ ሳይወጡ ነው ያስተዋሉት። ካወቅሁት አንገቴም ያውቀዋል ብለው ማመናቸው ነው ስሕተቱ።

ይህን ሁሉ ቆማ የምታይ አንዲት ወጣት ነበረች። የጡረተኞቹ ማኅበር ጸሐፊ ናት፤ ወላጆቿ የእነሱ አገር ሰዎች ሲሆኑ፣ እሷ ግን እዚሁ ተወልዳ እዚሁ የተማረች ናት። በእጇ ሙጫ ይዛ የመብራት ምሰሶ ላይ ማስታወቂያ ትለጥፋለች። "እሑድ ጠዋት በሦስት ሰዓት፣ የመንገድ ማቋረጥ ልምምድ" ይላል።

"እንደምን አደሩ ጋሼ? እትዬ፣ ዓይንዎን ምን አሉዎት?" አለች።

"ሞራውን ለመግፈፍ ተራ ይዘውልኛል ልጄ" አሉ ባለቤታቸው። "እስከዚያው በእሱ ዓይን ነው የማየው።"

ጋሽ ፍሬን ማስታወቂያውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉት። "ይሄን ነገር ዛሬም ትለጥፊዋለሽ? ሽማግሌ ሰብስበሽ እንደ ሙአለ ሕፃናት ልጅ እጅ ለእጅ አያይዘሽ ልታሻግሪን?"

"ባለፈው እሑድ አንድም ሰው አልመጣም ጋሼ። ጋሽ ፍሬን ያልመጡበትን እኛ ምን ልንሠራ እንመጣለን አሉኝ።"

"ደግ አደረጉ።"

"ቢመጡ ደግ ነበር" አለችና ምሰሶውን ለቀቀች። "አሁን አውቶቡሱን አይቼዋለሁ። እባክዎ እላይ ቢሮ ድረስ ይምጡልኝ። እትዬም ትንሽ ይረፉ።"

ቢሮው ከሰዓት ሠሪው ሱቅ በላይ፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ነው፤ አንድ ጠረጴዛ፣ አራት ወንበር፣ የውኃ ማፍያና ማቋረጫውን ቁልቁል የሚያሳይ ሰፊ መስኮት አለው። ባለቤታቸው ጥግ ላይ ተቀምጠው ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉ። ጸሐፊዋ ከመሳቢያ አንድ ሰማያዊ ማኅደር አወጣች፤ ግን አልከፈተችውም።

"ጋሼ፣ የእኔ ሥራ ምን ይመስልዎታል?"

"ስብሰባ ትጠሪያለሽ፤ ሻይ ታፈያለሽ።"

"ሰው ሲሞት ደግሞ ለልጆቹ ደብዳቤ እጽፋለሁ። ቤቱን ከፍቼ፣ ልብሱን አጣጥፌ፣ መነጽሩን በፎጣ ጠቅልዬ በሻንጣ እልካለሁ። እስከ ዛሬ ሃያ ስድስት ደብዳቤ ጽፌያለሁ። ስጀምር በልብና በስኳር ነው የሚሞቱት ብዬ ነበር። አሥራ ሁለቱ ግን ሳይታመሙ ነው የሞቱት።"

"እንዴት ሳይታመሙ?"

"በአደጋ። ሁለቱ መታጠቢያ ቤት ተንሸራተው ነው። አንዱ አምፖል ሊቀይሩ ወንበር ላይ ወጥተው ወደቁ። ሌላዋ እናት ደረጃ ላይ ወድቀው ሁለት ቀን ማንም አልሰማቸውም። ትርፍ ቁልፋቸው እኔ ዘንድ ነበር፤ ግን የራሳቸውን ቁልፍ ከውስጥ ሰክተው ስለተዉት የእኔ አልገባ አለ። አገራቸው ቢሆን ዘመድ በጠዋት ያንኳኳ ነበር። እዚህ ማን ያንኳኳል?"

ጋሽ ፍሬን በኪሳቸው ያለውን ቁልፍ ዳበሱ። የእሳቸውም ቁልፍ ዛሬ ጠዋት ድረስ ከውስጥ ተሰክቶ ነበር።

"ስምንቱ የሞቱት መንገድ ሲያቋርጡ ነው" አለች። "እኔን እስከ ዛሬ የሚያስደንቀኝ ነገር ምን መሰልዎ? ስምንቱም የተመቱት በቀኝ ጎናቸው ነው። አንድም ሳይቀር።"

"የሒሳብ መምህሩም?" አሉ ጋሽ ፍሬን ቀስ ብለው። መምህሩ የዳማ ጓደኛቸው ነበሩ።

"እሳቸውም።"

"ያ ሰው እኮ አርጅቶ፣ ዘንግቶ ነው ብለን..."

"አልዘነጉም። ነጂው ምን ብሎ ቃል እንደሰጠ ልንገርዎ? ሽማግሌው ቆሙ፣ በደንብ አስተውለው ወደ ግራቸው አዩ፣ ከዚያ ተረጋግተው ገቡብኝ ነው ያለው። ጠንቃቃ ሰው ነበሩ ጋሼ። የተጠነቀቁት ግን በአገራቸው አጠነቃቀቅ ነው።"

ሰው በክርክር ሲሸነፍ ወደ ፈጣሪ መሸሽ ይወዳል። ጋሽ ፍሬንም እንደዚያው አደረጉ።

"እንግዲህ ልጄ፣ የሞት ቀን በእግዚአብሔር እጅ ነው። ቀኔ ከደረሰ አንገቴን ወዲያ ወዲህ ማዞሬ ምን ያድነኛል?"

"ታዲያ አርባ አንድ ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ፍሬኑን ለምን ይፈትሹ ነበር?"

ከጥጉ የባለቤታቸው ሳቅ ተሰማ፤ ጋሽ ፍሬንም ሳይወዱ በግድ ፈገግ አሉ። "እህ! ይችን ልጅ ማን ጠበቃ ባደረጋት!"

"ጠበቃዬ የእርስዎ ፍሬን ነው። አሁን ወደ መስኮቱ ይጠጉ። ከሐኪም ቤቱ የሚወጣውን ሰው ይመልከቱ፤ ፊቱን ይተዉት፣ አንገቱን ብቻ ይዩ።"

ጋሽ ፍሬን ለመርታት ብለው ቆሙ። መጀመሪያ አንዲት ሴት የገበያ ዘንቢል ይዛ መጣች፤ ጠርዙ ላይ ስትደርስ አንገቷ ወደ ቀኝ ዞረ። ቀጥሎ ሁለት ሠራተኞች መጡ፤ ወደ ቀኝ። ከዚያ ባለ ባርኔጣ ሽማግሌ፤ ወደ ግራ። ሽማግሌው ቀና ሲሉ ታዩ፤ የእነሱው ማኅበርተኛ፣ የቀድሞው ልብስ ሰፊ ናቸው። ጥቂት ቆይቶ ሌላ ሰው፤ ወደ ግራ። ይህኛው የአገራቸው ጡረተኛ አንጥረኛ ነው። ከፎቅ ላይ ሆነው፣ መልክ ሳያዩ፣ ቋንቋ ሳይሰሙ፣ ማን የማን አገር ሰው እንደሆነ በአንገቱ ብቻ መለየት ጀመሩ። ሩብ ሰዓት ያህል ቆጠሩ፤ አንድ ጊዜም አልሳቱም።

ሃያ ዓመት እዚህ የኖረው፣ ቋንቋውን እንደ ውኃ የሚጠጣው፣ የአገሩን ብርድ ረስቻለሁ የሚለው ሁሉ ጠርዙ ላይ ሲደርስ አንገቱ የድሮ መንገዱን ይፈልጋል። የሰው ገላ የተማረውን እንዴት አድርጎ ነው የሚይዘው? አእምሮ ሺህ ጊዜ ቢነገረውም፣ አንገት እንዳልተነገረው ሆኖ ይቀራል። ጋሽ ፍሬን ዘመናቸውን ሁሉ ሰው አመላልሰዋል፤ የሰው ልጅ እንዲህ ያለ ፍጥረት መሆኑን ግን ያዩት ዛሬ ነው።

"እኔ ግን እንደነሱ አይደለሁም" አሉ፤ ድምፃቸው ግን እንደ ቅድሙ አይደለም። "ወርጄ ላሳይሽ።"

"አብሬዎት ልውረድ፤ ካፖርትዎን ከኋላ ልያዘው።"

"ምን በወጣኝ! ...ይሁን፣ ያዢ።"

ወረዱ። ጋሽ ፍሬን ደረጃውን ሲወርዱ "ቀኝ፣ ቀኝ፣ ቀኝ" እያሉ በሆዳቸው ቆጠሩ። ጠርዙ ላይ ሲደርሱም አልረሱም። ልክ በዚያች ቅጽበት ልብስ ሰፊው ከማዶ ባርኔጣቸውን አውልቀው "እንዴት ነህ ጋሽ ፍሬን!" ብለው ጮኹ። እሳቸውም እጃቸውን አነሡ፤ አንገታቸው ማንንም ሳይጠይቅ ወደ ግራ ዞረ፤ እግራቸው ወረደ።

ካፖርታቸው ከኋላ ተሳበ። የዳቦ ቤት መኪና በቀኝ በኩል ሽው ብሎ አለፈ።

ጋሽ ፍሬን አንድ እግራቸው መንገዱ ላይ፣ አንዱ ጠርዙ ላይ ሆኖ ደርቀው ቀሩ። ያስደነገጣቸው መኪናው ብቻ አልነበረም። ያቺን መሳብ ያውቋታል። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ በየጠርዙ ላይ ክንዳቸውን ይዞ ወደ ኋላ የሚስባቸው ያው ኃይል ነው። እስከ ዛሬ ግን የሚያናድድ ጫማ እንጂ ሌላ ነገር መስሏቸው አያውቅም።

ደረጃውን እንዴት እንደወጡት አያውቁም። ተንበርክከው የባለቤታቸውን እግር ተመለከቱ። ጫማው ጥቁር ነው፣ ጠፍጣፋ ነው፣ እግር ተሰክቶበት የሚሄድ ነው። ማሰሪያ የለውም። ማሰሪያ የሚገባበት ቀዳዳ እንኳ የለውም።

"ይሄ ጫማ አይታሰርም" አሉ።

"አይታሰርም" አሉ ባለቤታቸው።

"ከዚህ በፊት የነበረውስ?"

"እሱም አይታሰርም ነበር። ጉልበቴ ካመመኝ ወዲህ ጎንበስ ብዬ ጫማ አስሬ አላውቅም። አንተ ነህ ያላየኸው።"

"ታዲያ በምን ታውቂ ነበር? ዓይንሽ እኮ..."

"ዓይኔ ቢደክምም ጆሮዬ ደህና ነው። መኪናው ከየት እንደሚመጣ እሰማለሁ። አንተ 'ነፃ ነው' ስትል፣ እኔ ደግሞ በዚያኛው ጆሮዬ ሲመጣ እሰማለሁ።"

"ለምን አልነገርሽኝም? ስድስት ዓመት!"

ባለቤታቸው ቦርሳቸውን ወደ ጎን አድርገው በዳበሳ የጋሽ ፍሬንን ራስ ነኩ። "አርባ አንድ ዓመት ሰው ሳይጭር የነዳ ሰውዬ፣ መንገድ ማቋረጥ አታውቅም ልበልህ? አገርህን ትተህ መጣህ፣ መሪህን ትተህ መጣህ። ይቺ ኩራትህ ብቻ ነበረች የቀረችህ። በጫማ ካዳንኩህ ምን ቸገረኝ ብዬ ነው። ዛሬ ግን ልጅቷ የስምንቱን ሰዎች ነገር ስትናገር ፈራሁ። እኔ ቀድሜህ ብሞትስ? ማን ይስብሃል?"

ጋሽ ፍሬን ማልቀስ የሚያውቁ ሰው አይደሉም፤ ግን አለቀሱ። እሳቸው ባለቤታቸውን ሲመሩ የኖሩ መስሏቸው ነበር፤ ዓይናቸው የደከመው ባለቤታቸው ግን እሳቸውን በየቀኑ ከሞት አፍ ሲመልሱ፣ በላዩም ስድብ ሲቀበሉ ኖረዋል። ከዚህ የሚበልጥ ተአምር በዕድሜያቸው አላዩም። እሑድ ስንት ሰዓት እንደሆነ ጸሐፊዋን ጠየቋት፤ ሰዓቱን ማስታወቂያው ላይ አንብበውት ነበር፤ እንደሚመጡ መናገሪያቸው ግን ይህ ጥያቄ ነበር።

እሑድ ጠዋት ለሦስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ጀምሮ ማቋረጫው በሽማግሌ ተሞላ፤ ጋሽ ፍሬን መጡ ከተባለ ማን ይቀራል? ጋሽ ፍሬን ከፊት ቆመው የሆነውን ሁሉ፣ ማልቀሳቸውን ሳይቀር፣ ተናገሩ። "ወገኖቼ፣ ማወቃችሁን አትመኑት። እኔም አውቅ ነበር። አንገት የሚማረው በመደጋገም ነው፤ ፍሬን በየጠዋቱ እንደሚፈተሸው በየጠርዙ እንፈትሸው። ጠርዙ ላይ ሁለት እግራችሁን ገጥማችሁ ቁሙ። በአፋችሁ ጮክ ብላችሁ አንድ ቃል ተናገሩ። ከዚያ ወደ ቀኝ፣ ቀጥሎ ወደ ግራ፣ ደግሞ ወደ ቀኝ። ማዶ የሚጠራችሁ ወዳጅ ይጠብቃል፤ ሰላምታ አይቸኩልም።"

"የምንናገረው ቃል ምንድን ነው?" አሉ ልብስ ሰፊው።

ጋሽ ፍሬን ወደ ባለቤታቸው ዞሩ። "ጫማ" አሉ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በማኅበሩ ብዙ ነገር ተለወጠ። መታጠቢያ ቤቶች የማያንሸራትት ምንጣፍና የግድግዳ መያዣ ገባላቸው፤ አምፖል የሚቀይር ሰው ተመደበ፤ ቁልፍ ከውስጥ ሰክቶ መተኛት ቀረ፤ ሁለት ሁለት ሆነው በየጠዋቱ ስልክ እየተደዋወሉ "አለህ ወይ?" መባባል ተጀመረ። ትንንሽ ነገሮች ናቸው፤ ግን በባዕድ አገር የሚያረጅ ሰው ጎረቤቱን በእጁ መሥራት አለበት። ከዚያ በኋላ በነበረው ዓመት ጸሐፊዋ የጻፈቻቸው ደብዳቤዎች ሁለት ብቻ ናቸው፤ ሁለቱም በሕመም፣ ሁለቱም አልጋ ላይ፣ ወዳጅ አጠገባቸው ተቀምጦ ስለሞቱ ሰዎች ናቸው።

የባለቤታቸው ሞራም ተገፈፈ። ከሐኪም ቤት በወጡ ቀን፣ ያንኑ ማቋረጫ ለመጀመሪያ ጊዜ አጥርተው አዩት። ጋሽ ፍሬን ጠርዙ ላይ ቆሙ፤ ጎንበስ ብለው ማሰሪያ የሌለውን ጫማ በእጃቸው ነካ አደረጉት፤ ቀና ብለውም ወደ ቀኝ አዩ።

"ነፃ ነው?" አሉ ባለቤታቸው።

"አንቺ ንገሪኝ" አሉ ጋሽ ፍሬን።