የሰይፈ ሚካኤል ስንቅ

ወይዘሮ የሺአረግ የልጅ ልጃቸውን በነጠላ ሸፍነው ከከዚራ ሰፈር ባጃጅ ሲሳፈሩ፣ የሚያውቃቸው ሰው እንዳይገጥማቸው በልባቸው እየለመኑ ነበር። የድሬ ባጃጅ ደግሞ ባዶ ወንበር አይወድም። ሾፌሩ ጃማዕ ገና የመጀመሪያውን መታጠፊያ ሳያልፍ ቆመና ነጭ ጋወን በክንዷ ያንጠለጠለች ወጣት ሴት አሳፈረ። ኢፍራህ ትባላለች፤ የጤና ጣቢያ ነርስ ናት፤ ሕፃኑን የከተበችውም እሷ ነበረች። በዚያ ጠዋት ወይዘሮ የሺአረግ ሊያዩት የማይፈልጉት አንድ ፊት ቢኖር ይኸው ነበር።

«እንዴት አደሩ፣ እማማ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉና ነጠላውን ወደ ሕፃኑ ፊት ሳብ አደረጉት።

ነገሩ ከሥሩ ቢነገር ይሻላል። ልጃቸው ዲና የጉምሩክ ጸሐፊ ናት። ባሏ ኃይለየሱስ ሁርሶ የወታደር አሠልጣኝ ስለሆነ የሚመጣው ቅዳሜ ብቻ ነው። የወሊድ ፈቃዷና የዓመት ፈቃዷ ተደምረው ሲያልቁ፣ ሕፃኑ ሰይፈ ሚካኤል አራት ወር ከሳምንት ሆኖት ነበር። ዲና ሞግዚት ልፈልግ ስትል ወይዘሮ የሺአረግ ተቆጡ። እሳቸው ቁጭ ብለው የልጃቸውን ልጅ ባዕድ ሊይዘው ነው? እሺ ተባሉ። ሥራ በገባችበት ቀን ዲና ክዳን ባላቸው ሦስት ትንንሽ ብርጭቆዎች ወተት ሞልታ፣ «እማዬ፣ የታለበው ፍሪጅ ውስጥ ነው» ብላቸው ሄደች።

ያቺ «ታለበ» የምትባል ቃል ናት ጉድ ያፈላችው። ለወይዘሮ የሺአረግ የሚታለበው ላም ነው። ልጃቸው እንደ ላም መታለቧ አሳፈራቸው፤ ከጡት ወጥቶ ነፋስ የመታው ወተት ለሕፃን ምች ነው ሲባል ያደጉ ናቸውና ከማፈርም አልፈው ፈሩ። ስለዚህ ዲና በወጣች ቁጥር ወተቱን የሰው እግር በማይረግጠው በግቢው ኒም ዛፍ ሥር በጥንቃቄ እየደፉ፣ ለሕፃኑ የአብሽ ውሃ በስኳር በጡጦ ይሰጡት ጀመር። ዲና ማታ ስትመለስ ብርጭቆዎቹን ባዶ ታገኛለች፤ ልጇን ትስመዋለች። እንዲህ ሆኖ ዘጠኝ ቀን አለፈ። በዘጠነኛው ቀን ሆዱን ቢያስቀምጠው ጥርስ ሊያበቅል ነው ብለው ለዲና አልነገሯትም። በአሥረኛው ጠዋት ግን አናቱን ሲዳብሱት እርግብግቢቱ ጎድጉዳ አገኟት። መዳፋቸው እዚያው ቀረ።

«ለምን ሸፈኑት?» አለች ኢፍራህ። «በዚህ ሙቀት ይታፈናል እኮ።»

«ዓይን እንዳይበላው ብዬ ነው። ተኝቷል።»

«የኔ ዓይን ልጅ አይበላም፤ ማሻአላህ ብዬ ነው የማየው።»

ባጃጁ ጉድጓድ ገብቶ ሲወጣ ሦስቱም ተንገጫገጩ። ሕፃኑ አልነቃም። ወይዘሮ የሺአረግ ይህን አዩ፤ ኢፍራህም አየች። ነርሷ ከዚያ በኋላ ፈቃድ አልጠየቀችም፤ ነጠላውን ገለጠችው። ዓይኖቹ ገባ ብለው፣ ከንፈሩ ደርቆ ነበር። የሆዱን ቆዳ በሁለት ጣቷ ቆንጠጥ አድርጋ ስትለቀው ቶሎ አልተመለሰም።

«መቼ ሸና?»

«ጠዋት… አይ፣ ትናንት ማታ ይመስለኛል።»

«የት ሊወስዱት ነው?»

«መጋላ። እርግብግቢቱ ወድቃለች። እዚያ የምታነሳ ሴት አለች፤ በጣቷ ላንቃውን ወደ ላይ ትገፋና አናቱን በቅቤ ታሸዋለች።»

«እማማ፣ እርግብግቢት አትወድቅም» አለች ኢፍራህ፣ ድምጿን ሳታነሳ። «ከልጁ ሰውነት ውሃ ሲያልቅ ትጎደጉዳለች። በጣት ቢገፏት አትነሳም፤ ያለቀው ውሃ ሲተካ ራሷ ትመለሳለች። ሴትዮዋ ላንቃውን ስታቆስለው ደግሞ ጡት መጥባት ያቅተዋል።»

«ልጄ፣ እኔ አምስት ወልጄ ነው ያሳደግሁት። ያኔ ነርስ የሚባል በየሰፈሩ አልነበረም።»

«አምስቱም ደህና ናቸው?»

ኢፍራህ ይህን የጠየቀችው ለክርክር አልነበረም። ወይዘሮ የሺአረግ ግን ከዲና በፊት የኔነሽ የምትባል ልጅ ነበረቻቸው። በሰባት ወሯ እንዲሁ ሆዷን አስቀምጧት፣ እርግብግቢቷ ጎድጉዳ፣ ላንቃዋን አስገፍተውላት በማግሥቱ ቀበሯት። ከዚያ ቀን ወዲህ «እጇ ከባድ የሆነች ሴት ገጥማን ነው» ሲሉ ኖረዋል። ጥፋቱ የእጇ ባይሆንስ? ይህ ሐሳብ ባጃጅ ውስጥ በጠራራ ፀሐይ መጣባቸው።

«አራቱ አሉ» አሉ።

የደቻቱ ወንዝ ድልድይ አፋፍ ላይ ጃማዕ ፍጥነቱን ቀነሰ። መጋላ ከወንዙ ማዶ ነው፤ ጤና ጣቢያው ደግሞ ከወዲህ። «ማዘር፣ የት ልውሰድሽ? ልሻገር ወይስ ልታጠፍ?» አለ፤ የድሬ ልጅ ነውና አንቱታ አልለመደበትም። «አቦ ወስኑ፣ ኋላዬ ተሰልፏል።»

«ሴትዮዋን አውቃታለሁ» አለች ኢፍራህ። «መጋላ ነው ያደግሁት፤ ጎረቤታችን ናት። ባለፈው ረመዳን የራሷ የልጅ ልጅ እንዲህ ሲሆንባት ጣቷን አልሞከረችም፤ ታቅፋ የመጣችው ወደኛ ነው። ወላሂ።»

ወይዘሮ የሺአረግ ሕፃኑን ደረታቸው ላይ ለጠፉት። ትንፋሹ ይሰማቸዋል፤ ግን ቀጭን ነው። «ታጠፍ» አሉ ጃማዕን።

ጤና ጣቢያው እንደደረሱ ኢፍራህ ለዲና ደወለች፤ ከዚያ ሐኪሙ መረመረው። ኦ አር ኤስ በንጹሕ ውሃ ተበጥብጦ መጣና ወይዘሮ የሺአረግ በትንሽ ማንኪያ፣ ጠብታ በጠብታ እንዲሰጡት ተደረገ። መዋጥ እምቢ ካለ በደም ሥሩ እንደሚሰጡት ሲነገራቸው የመጀመሪያውን ማንኪያ ነጠላቸው ላይ አፈሰሱት። ሁለተኛውን ዋጠ። ሦስተኛውንም።

«አሁን እውነቱን ይንገሩኝ» አለች ኢፍራህ አጠገባቸው ቁጭ ብላ። «እናቱ ሥራ ስትሄድ ምን ይጠጣል?»

መዋሸት ይችሉ ነበር፤ ምላሳቸው ላይም መጥቶ ነበር። ነገር ግን የሕፃኑ አናት ከዓይናቸው ሥር ነው። ሁሉንም ተናገሩ፤ ኒሙንም፣ አብሹንም፣ ጡጦውንም።

ኢፍራህ አልጮኸችባቸውም። የተማረ ሰው ቶሎ መሳቅ ወይም መቆጣት ይቀናዋል፤ እሷ ግን ከሁለቱም ተቆጠበች። «አብሹ ምን ይጠቅመዋል ብለው ነው?» አለች።

«ሆድ ያለሰልሳል። ደግሞ በድሬ ሙቀት ልጅ ውሃ አይጠማውም?»

«ይጠማዋል። ግን የእናት ወተት አብዛኛው ውሃ ነው፤ እስከ ስድስት ወሩ ድረስ በዚህ ሙቀት እንኳ ሌላ አይፈልግም። የአብሹ ውሃ ሆዱን ይሞላዋል እንጂ አይመግበውም። ጡጦው ውስጥ ያለው ደግሞ በሙቀት ቶሎ ይበላሻል፤ ጫፉ ላይ የሚቀረው ቆሻሻ ነው ሆዱን ያስቀመጠው።»

«እሺ፣ ይሁን። ከጡት የወጣው ወተትስ? ነፋስ መትቶት፣ በበረዶ ቤት ውሎ? እንደ ከብት ታልቦ?»

«ባለቤትዎ ምን ነበር ሥራቸው?»

«ወልደ ማርያም? ባቡር ላይ ነበር፤ መካኒክ። በወጣ በሦስት ቀኑ ነበር የሚመለስ።»

«ሲሄዱ ባዶ እጃቸውን ነበር የሚሸኟቸው?»

«ምን ማለትሽ ነው? ስንቁን በገዛ እጄ ሳልቋጥር ወጥቶ አያውቅም።»

«ስንቁ ከእጅዎ ወጥቶ መንገድ ስለዋለ ምች ሆነባቸው?»

«እኔ ንጹሕ አድርጌ ነበር የምቋጥረው» አሉ ወይዘሮ የሺአረግ፣ ትንሽ ተቀይመው።

«ዲናም እጇን ታጥባ፣ ብርጭቆውን ቀቅላ ነው የምትቋጥረው። ልዩነቱ፣ እርስዎ ሲሸኙ የሚሄደው ሰው ነበር ስንቅ የሚይዘው፤ አሁን የምትሄደዋ እናት ናት፣ ስንቁ የሚቀረው ለልጅ ነው።»

ወይዘሮ የሺአረግ ማንኪያውን ወደ ሕፃኑ አፍ አስጠጉ። ከዚህ ሁሉ ንግግር ወደ ልባቸው የገባችው ይህች «ስንቅ» የምትባል ቃል ናት። ሃያ ሰባት ብርጭቆ ስንቅ መሬት ላይ መድፋታቸው ታያቸው፤ ልጃቸው ጎሕ ሳይቀድ እየተነሳች፣ ዓይኗን እያሸች የቋጠረችውን።

«መብራት ሲጠፋስ?» አሉ በመጨረሻ፤ ይህ የክርክር ሳይሆን የመማር ጥያቄ ነበር።

«ፍሪጁን ደጋግመው አይክፈቱት፤ ለጥቂት ሰዓት ቅዝቃዜውን ይይዛል። ብዙ ከቆየና ከተጠራጠሩ ይድፉትና ልጁን ይዘው ወደ እናቱ ይሂዱ። ሲያሞቁት ብርጭቆውን ሙቅ ውሃ ውስጥ ይንከሩት እንጂ እሳት ላይ አይጣዱት። የሚያጠጡትም በንጹሕ ሲኒ ነው። ጡጦውን ይጣሉት።»

ዲና የደንብ ልብሷን እንደለበሰች፣ ላብ አጥምቋት ደረሰች። ወይዘሮ የሺአረግ ከመቀመጫቸው ተነሡ። በዕድሜያቸው ልጃቸውን ፈርተው አያውቁም፤ ያን ቀን ግን ፈሯት።

«ወተቱን ደፍቼዋለሁ» አሉ። «ዘጠኝ ቀን ሙሉ። አብሽ ነበር የምሰጠው።»

ዲና ልጁን ተቀብላ ጡቷን አጎረሰችው። መጀመሪያ ዝም አለ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ መሳብ ጀመረ።

«ብርጭቆው ባዶ ሲሆን ደስ ይለኝ ነበር» አለች ዓይኗን ከልጇ ሳታነሳ። ይህ ከማንኛውም ቁጣ የባሰ ነበር። ወይዘሮ የሺአረግ ከእንግዲህ ይህን ልጅ በእጃቸው የሚሰጣቸው እንደሌለ ቆረጡ።

ስምንት ሰዓት ገደማ ዲና ለአፍታ ልጁን ለእናቷ አሳልፋ ሰጥታቸው ሳለ፣ የወይዘሮ የሺአረግ ቀሚስ ሞቅ ብሎ ራሰ። ሸንቷል። ኢፍራህ በሩ ላይ ሆና ሳቀች፤ አያቲቱ ግን እርጥቡን ቀሚሳቸውን በእጃቸው ጨብጠው አለቀሱ።

«ነገም ሥራ አለብኝ፣ እማዬ» አለች ዲና። «ማን ጋ ልተወው?»

የምር ጥያቄ ነበር።

«እኔ ጋ» አሉ ወይዘሮ የሺአረግ። «ግን መጀመሪያ ቋጠሮውን አሳዪኝ። እጅ ከመታጠቡ ጀምሮ።»

ዲና ሁለት ቀን ፈቃድ ወስዳ አሳየቻቸው። ዛሬ ሰይፈ ሚካኤል ስድስት ወር ሊሞላው ነው፤ ሆዱን ዳግመኛ አልታመመም፤ ክብደቱም በጤና ጣቢያ ካርዱ ላይ ወደ ላይ ይወጣል። ዲና አሁን ለምሳ እየመጣች ታጠባዋለች፤ የጭነት መኪና በዝቶ በማትመጣበት ቀን ግን በጃማዕ ባጃጅ ወደ ጉምሩክ በር ይወስዱታል፤ አለቃዋ አንዲት መጋረጃ ያላት ክፍል ፈቅዶላታል። እናቱ ሥራዋን አልተወች፣ ልጁ ወተቱን አላጣ፤ ለዚህ ያስፈለገው ሳሙና፣ ክዳን ያለው ብርጭቆና ለመማር እሺ ያለ ልብ ነበር። የሰፈሩ ሴቶች ሲጠይቋቸው ወይዘሮ የሺአረግ የየኔነሽን ነገር ጭምር ሳይደብቁ ይነግሯቸዋል።

ፍርሃቱ ግን ጨርሶ አለቀቃቸውም። ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ የሚያደርጉት መዳፋቸውን አናቱ ላይ ማሳረፍ ነው። እርግብግቢቱ ከመዳፋቸው ሥር ስትመታ ሲሰሙ ወደ ጓዳ ዞረው፣ ቦርሳዋን አንግታ ለምትወጣው ልጃቸው፣ «ስንቁ ተቋጥሯል?» ይላሉ። የኒሙ ሥር ደርቋል።